ቡድን ተኮር ውይይት ለገበያ ጥናት፦ በጭሮና በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች

ቡድን ተኮር ውይይት ከ6 እስከ 10 የሚሆኑ ደንበኞች በአወያይ እየተመሩ ስለ አንድ ምርት በነፃነት የሚነጋገሩበት የገበያ ጥናት ዘዴ ነው።

በጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የተቆላ ቡና አሽጎ ለመሸጥ ያቀደ አንቀሳቃሽ ለመሣሪያ ግዢ ከመበደሩ አስቀድሞ፣ ቡናን በቤታቸው ቆልተው የሚያፈሉ እናቶችን ለብቻ፣ የሻይ ቤት ባለቤቶችን ለብቻ ቢያወያይ ይመከራል፤ ነጋዴ ባለበት ሸማች ስለ ዋጋ በግልጽ አይናገርምና። ውይይቱ በአፋን ኦሮሞ ወይም ተሳታፊዎቹ በሚመርጡት ቋንቋ፣ ከገበያ ቀን ውጭ ይካሄድ። አወያዩ የምርቱ ባለቤት ባይሆን ይመረጣል፤ ይሉኝታ ነቀፌታን ያስቀራል። «ይወዱታል?» ከማለት «ባለፈው ሳምንት ቡና ከየት፣ በስንት ገዙ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ይጠቅማል።

የገዢው ብዛት ግን በመጠይቅ ይጣራል። የጭሮ ውጤትም ቡና አብቃይ ለሆነው ለገለምሶ አካባቢ ወይም ለቆላማው ሚኤሶ ላይሠራ ይችላል።