«ቤቱን እፈልገዋለሁ»

በኪራይ ቤት ያደግን ልጆች ሁሉ የምናውቃት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ «ቤቱን እፈልገዋለሁ»። ከመካከላችን አንዱ የሜጋ ልጅ ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለ፣ ፈተና ሊደርስ ሲል፣ አከራያቸው ይህችኑ ለእናቱ ተናገሩ። ስድስት ዓመት ኖረውበታል፤ የተጻፈ ውል ግን የለም። እናትም «እሺ ጋሼ» ብለው በሳምንቱ ዕቃቸውን በጋሪ አስጫኑ። መብት አለኝ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እኛ ግን ዐረፍተ ነገሯ ከየት እንደመጣች እንጠይቅ።

ከሜጋ ብዙ ሳንርቅ ዱብሉክ ላይ የቦረና ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች አሉ። ጉድጓዱ «አባ ኮንፊ» የሚባል ባለመብት አለው፤ መብቱም ከመጀመሪያው ቆፋሪ በዘር ይወርዳል። ይሁንና «ውሃዬን እፈልገዋለሁ» ብሎ ብድግ አይልም። ተራው በጉባኤ ይቆረጣል፤ «አባ ሄሬጋ» ያስከብረዋል። ባለቤት አለ፣ ብቻውን ግን አይወስንም።

በ1880ዎቹ ማብቂያ የምኒልክ ጦር ቦረና ሲደርስ ሌላ ሥርዓት መጣ። ወታደሩ በደመወዝ ፈንታ ገባር ተመደበለት። በአራሹ የደቡብ አገር ደግሞ ብዙው ገባር እያደር ጭሰኛ ሆነ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ባለመሬቱ ከምርቱ እስከ ሦስት አራተኛ እንዲወስድ ፈቀደ። ጭላሎ ላይ ትራክተር ሲገባማ ጭሰኛው «መሬቱን እፈልገዋለሁ» ተባለና ተባረረ። በ1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ቢወጡም፣ የባለመሬትና የጭሰኛ ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ውስጥ ሲንከባለል ዘውዱ ወደቀ።

ከዚያ 1967 መጣ። በየካቲት የገጠር መሬት፣ በሐምሌ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ፤ የድሃው ኪራይም ተቀነሰ። ዐረፍተ ነገሯ ለጊዜው አፏ ተዘጋ። ግን እውነቱን እንናገር፤ ጣሪያው ሲያፈስ የሚያድስ፣ ቤተሰብ ሲበዛ አዲስ የሚሠራ ጠፋ። ደርግ ወድቆ የግል ኪራይ ሲስፋፋ፣ ዐረፍተ ነገሯም አብራ ተመለሰች።

ታዲያ ተከራይ ባዶ እጁን ነው? አይደለም። ያው የ1952ቱ ሕግ፣ የውሉ ዘመን አልቆ ተከራዩ ሲቀመጥ አከራዩ እያወቀ ዝም ካለ፣ ኪራዩ ጊዜው ባልተወሰነ ውል እንደቀጠለ ይቆጥረዋል። እንዲህ ያለው ውል ደግሞ በማስጠንቀቂያ እንጂ በድንገት አይፈርስም። በ2012 በኮሮና ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ ደንቡ ተከራይ ማስወጣትንም ኪራይ መጨመርንም ከለከለ። በመጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ከዚያ አልፎ ሄደ፤ ውል በጽሑፍ ይሁንና ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ አከራይ ሲያስለቅቅ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይስጥ አለ። ሆኖም አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚመርጧቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ የሜጋ ተከራይ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ «ከተማችን ተመርጧል ወይ?» ብሎ ነው።

ታሪኩ የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው። ጭሰኛውንም ተከራዩንም ጎዳና ያወጣው የባለቤት መኖር ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ብቻውን፣ ያለ ቀጠሮና ያለ ምስክር መወሰኑ ነው። ዱብሉክ ላይ ምስክሩ ጉባኤው ነው፤ ከተማ ውስጥ ወረቀቱ ነው። የጓደኛችን እናት ከ«እሺ ጋሼ» በፊት «እስከ መቼ?» ማለት ይችሉ ነበር። የኪራይ ደረሰኝ፣ ሁለት ጎረቤትና የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ቢኖራቸው፣ ልጃቸው ፈተናውን ከዚያው ቤት ወጥቶ ይፈተን ነበር።

ለእረፍት ወደየቤታችን ስንገባ፣ እናቶቻችን ውል እንዳላቸው እንጠይቅ። ከሌላቸው ቁጭ ብለን እንጻፍላቸው፤ ፊደል የቆጠርነው ለምን ሆነና!