ከካዛንቺስ እስከ አክራ፦ ስለመጡት ፈረንጆችና ስለ ልጆቻችን

ሰፈራችን ሁለት ስም አለው። ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ሰማዕት የሆነ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። ካዛንቺስ ደግሞ «ካሳ ኢንቺስ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ኢንቺስ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራ ድርጅት ነበር። (ከድሮው ካዛንቺስ ብዙው ከ2024 ወዲህ ፈርሷል፤ ስሙ ግን እንዳለ ነው።) እንግዲህ አንዱን ስም ከሕፃን፣ ሌላውን ከፈረንጅ ወስደናል ማለት ነው። ዛሬ የምናወራውም ስለ ሕፃናትና ስለ ፈረንጆች ነው፦ አካል ጉዳት ስላለባቸው ልጆችና «ለማገልገል ተልከናል» ብለው ባህር ተሻግረው ስለመጡት ሰዎች። ዓመቶቹን በእነሱው አቆጣጠር ጽፈናቸዋል፤ ይሁንላቸው።

ሚሲዮን ለቂርቆስ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። ዛሬ የመንግሥት የሆነውን ዘውዲቱ ሆስፒታልን ያቋቋሙትና ለብዙ ዓመታት ያስተዳደሩት አድቬንቲስቶች ናቸው፤ ደርግ ነው የወረሰው። የአካል ጉዳተኞች ዘመናዊ ትምህርትም ሲነሳ መነሻው ሚሲዮን ነው፤ አሜሪካውያን በ1925 ደምቢ ዶሎ ላይ ዓይነ ስውራንን ማስተማር እንደጀመሩ ይጻፋል።

እዚህ ላይ ግን ለራሳችንም ፍርድ እንስጥ። ዜማውና ቅኔው በቃል የሚጠና በመሆኑ የቆሎ ትምህርት ቤት ዓይነ ስውር ልጅን አይመልስም ነበር፤ ብዙዎች እዚያ ተምረው መምህር ሆነዋል። ችግሩ እግሩ የማይታዘዝለት፣ ወገቡ የጎበጠ ልጅ ላይ ነው። መምህር ፍለጋ ከአገር አገር መዞር ለማይችል ልጅ የነበረው ቦታ ወይ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው፣ ወይ ጓዳ። ጓዳው ይብሳል፤ ደጃፍ ላይ ቢያንስ ሰው ያያል።

በ1962 መናገሻ ላይ ፖሊዮ ለመታቸው ልጆች ቤት ተከፈተ። ሐሳቡ የእንግሊዛዊው የሌናርድ ቼሻየር ነው። ቼሻየር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ አብራሪ ነበሩ፤ ናጋሳኪ በአቶሚክ ቦምብ ስትመታ ከአየር ላይ ሆነው ከተመለከቱት አንዱ ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ ካቶሊክ ሆኑ፣ በየአገሩም የአካል ጉዳተኞች ቤት አስከፈቱ። መናገሻ ላይ ብዙ ልጅ ክራንች ይዞ መራመድን ተምሯል። ፖሊዮን ከአገራችን ያባረረው ግን ክትባት ነው፤ በተፈጥሯዊው ቫይረስ የተያዘ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ የተገኘው በ2014 ነው።

በ1973 ደግሞ እናት ቴሬዛ መጡ። ጃንሆይ ፈቀዱላቸውና እህቶቹ ሥራ ጀመሩ። ነጭ ሳሪያቸው ሰማያዊ ጥለት ስላለው ከሩቅ ላየው ነጠላ ይመስላል፤ አዲስ አበባ ቶሎ የለመደቻቸው በዚህም ይሆናል እንላለን። ከዓመት በኋላ ዘውዱ ወደቀ፣ ብዙ ነገር ተወረሰ፣ ብዙ ፈረንጅ ሄደ። እህቶቹ ቀሩ። ስድስት ኪሎ ያለው ግቢያቸው ሌላ ቦታ የማይቀበሉትን ሰው ይቀበል ነበር።

ከሁሉ የሚገርመን በዚያ ግቢ በሽተኛ ሲያዩ የኖሩት ዶክተር ሪክ ሆድስ ናቸው። አሜሪካዊ ናቸው፣ በዚያ ላይ ሃይማኖታቸውን አጥባቂ አይሁዳዊ! መጀመሪያ የመጡት ለ1984ቱ ረሃብ ነው። ተመልሰው መጥተው አዲስ አበባ ላይ ሕክምና አስተማሩ፤ ከ1990 ጀምሮ «ጆይንት» ለሚባለው የአሜሪካ አይሁዶች ዕርዳታ ድርጅት ሠሩ። በ1991 ቤተ እስራኤላውያን በዘመቻ ሰለሞን ሲጓጓዙም ሐኪማቸው ነበሩ። በካቶሊክ መነኮሳት ግቢ አይሁዳዊ ሐኪም የኦርቶዶክሱንና የሙስሊሙን ልጅ ሲያክም አስቡት።

እዚያ ያገኟቸው ልጆች ጀርባቸው እንደ ታጠፈ ምላጭ የሆነ ነበሩ። ብዙዎቹን የጎዳቸው የአከርካሪ ቲቢ ነው፤ አጥንቱን ይበላውና አከርካሪው ይናዳል፣ ጉብታው ሲያድግ ሳንባ ይጨመቃል፣ ልጁ መተንፈስ ያቅተዋል። ለዚህ የሚሆን ቀዶ ሕክምና እዚህ አልነበረም። ዶክተሩ ምን አደረጉ? ሁለት ልጆችን በሕግ ልጆቻቸው አደረጉ፤ የአሜሪካው የጤና መድናቸው እንዲሸፍንላቸው! በኋላ ቁጥራቸው አምስት ደረሰ።

አምስት ልጅ ማሳደግ ይቻላል፤ ወረፋው ግን አያልቅም። መፍትሔው ከጋና መጣ። ጋናዊው የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ኦሄኔባ ቦዋቺ አጄይ አሜሪካ ተምረው፣ ኒውዮርክ ላይ ስም አትርፈው፣ አገራቸው ላይ ፎኮስ የሚባል ድርጅት አቋቋሙ፤ ሆስፒታሉም በ2012 አክራ ተከፈተ። የእኛ ልጆች ወደዚያ ይሄዳሉ። ጉብታቸው የከፋው ራሳቸው ላይ የብረት ቀለበት ታስሮላቸው፣ በክብደት ወደ ላይ እየተሳቡ ለሳምንታት ይቆያሉ፤ አከርካሪው ቀስ በቀስ ሲለሰልስ ቢላዋው ይከተላል። አፍሪካዊ ሐኪም የአፍሪካን ልጅ ያቃናል ማለት ነው። አፍሪካ አዳራሽ አጠገብ ላደግነው ለእኛ ይህ ከብዙ ንግግር የበለጠ ነው።

በየክረምቱ ለሁለት ሳምንት መጥቶ፣ ሕፃን አቅፎ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚመለሰውን ወጣትስ? አንሰድበውም። ልብስ ያጥባል፣ ያጎርሳል፤ እኛ ደግሞ ከካዛንቺስ ሁለት ታክሲ ይዘን ስድስት ኪሎ የማንሄድ ነን። ነገር ግን ልጁ በለመደው ማግስት የሚሄድ ሰው ለልጁ ምን እንደሚተውለት ጠያቂ ያስፈልገዋል። ሆድስን ሆድስ ያደረጋቸው ደግነት ብቻ አይደለም፤ መቆየታቸው ነው። ደግሞም የአከርካሪ ቲቢ ቶሎ ከታወቀ በኪኒን ይድናል። ያ ጉብታ ሊያድግ የቻለው ጤና ጣቢያው ስለራቀ፣ ወይም ቤተሰቡ ልጁን ስለደበቀው ነው። ይህን ጉድለት የውጭ በጎ ፈቃደኛ አይሞላውም።

ጓዳ ውስጥ ያልቀረች አንዲት ልጅ እናንሳ። የትነበርሽ ንጉሤ ወሎ ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ፤ በዚህ ምክንያት ከልጅነት ጋብቻ እንዳመለጠች ደጋግማ ተናግራለች። ሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ ሚሲዮን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች፣ በ2005 የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከልን ከመሠረቱት አንዷ ሆነች፣ በ2017 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ወሰደች። ጀርመናዊው ፓስተር ክሪስቶፈል በ1908 ወደ ቱርክ ሄደው ለዓይነ ስውራን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለወላጅ አልባ ልጆች ቤት ከፍተው ነበር፤ ከዚያ የበቀለው ሚሲዮን የኦስትሪያ ቅርንጫፍ ኋላ ላይ ራሱን ችሎ «ላይት ፎር ዘ ወርልድ» ተባለ። የትነበርሽ ለዚህ ድርጅት አካታችነት ምን እንደሆነ አማካሪ ሆና ሠርታለች።