ስለ ገጠር ንባብ ቤት ታሪክና አጠባበቅ

የደብር ታሪክ ሲጻፍ የመቅደሱ አሠራር፣ የታቦቱ አገባብ፣ የአለቆቹም ስም በየተራ ይቈጠራል። በቅጽሩ በር አጠገብ የምትቆም አንዲት የሣር ጎጆ ግን ከቍጥር ስትገባ አይታይም። ቄሱም ዲያቆኑም ደብተራውም አስቀድሞ ፊደል የለየው ከዚያች ጎጆ ነውና፣ ስለ እርስዋ ጥቂት መጻፍ ተገቢ ሆኖ ታይቶኛል።

ንባብ ቤት የምንላት ይህች ናት። ክፍልዋ አንዲት፣ ግድግዳዋ በጭቃ የተመረገ፣ ክዳንዋ ሣር፣ መቀመጫዋም የጭቃ መደብ ነው። አንዱ ሕፃን በስንደዶ እየጠቈመ ሀ ሁ ሲል፣ ሁለተኛው አቡጊዳ ይላል፤ ሦስተኛው መልእክተ ዮሐንስን አስቀድሞ በግእዝ፣ ቀጥሎም በውርድና በቁም ንባብ ይወጣዋል፤ ታላቁ ልጅ ደግሞ ከ150ው መዝሙረ ዳዊት የዕለቱን ያደርሳል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ ያደርጋልና ለእንግዳ ሰው ሁከት ይመስለዋል፤ መምህሩ ግን ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል ተነሹን የጣለው፣ ወዳቂውን ያነሣው ልጅ የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ያውቃል። አንድ መምህር ለብዙ ሕፃናት የሚበቃውም ዳዊት የደገመው ፊደል ለሚቈጥረው ስለሚያስተምርለት ነው። ሲመሽ ብርሃን የማይሻው የቃል ትምህርት ይተካል።

ገበታው ቀድሞ በብራና ላይ በእጅ ይጻፍ ነበር፤ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ያሳተሙት ፊደል በየአገሩ ከተሠራጨ ወዲህ ግን የድኻውም ልጅ የራሱን ገበታ ለመያዝ ቻለ። ከዚህ የወጣው ተማሪ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ድጓ ቢሻ በጋይንት ወዳለችው ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ቢሻ ወደ ዙር አምባ፣ ቅኔ ቢሻ በጎጃም ወዳሉት ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ይሄድ ነበር፤ ዛሬም የሚሄድ አለ።

የሣር ክዳን ሰው ሳያድሰው ብዙ ዘመን አይዘልቅም። ስለዚህ ጎጆዋ ኖረች ማለት በቦታዋ ላይ ደጋግማ ተሠራች ማለት ነው። ምእመናን በደቦ ሣር አጭደው ይከድንዋታል፤ ነገር ግን ከደቦው ይልቅ የሚጠብቃት በምድጃዋ የሚነደው እሳት ነው። ጭሱ ሣሩን ያደርቃል፣ ነቀዙንና ምስጡን ያርቃል። ሰው የሌለባት ጎጆ ከክረምት ክረምት እየጐበጠች ስትሄድ ሁላችንም እናያለን።

እሳቱን የሚያነደው መምህሩ ነበር፤ መምህሩም የሚኖረው ከሰሞን መሬትና ወላጆች ከሚሰፍሩለት እህል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ባደረገ ጊዜ የሰሞኑም መሬት አብሮ ሄደ። ጭሰኛው መሬት ማግኘቱን የምነቅፍ አይደለሁም፤ ነገር ግን የመምህሩን ቀለብ የሚተካ አልታሰበም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤትም እየተስፋፋ ሄደ፤ ሕፃኑ ፊደሉን ከሌላ ቦታ ያገኝ ጀመር። ፊደሉን አገኘ እንጂ ተነሽና ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ ያለበትን ንባብ በዚያ አላገኘም። ይህን የሚያጣ ዲያቆን በቅዳሴ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ካህናት ያውቁታልና አልዘረዝርም።

አሁን በኢዮቤልዩው ምክንያት ጎጆዋን አፍርሰን የቆርቆሮ አዳራሽ እንሥራ የሚሉ አሉ፤ አጥረን ቈልፈን ለመታሰቢያ እናኑራት የሚሉም አሉ። የሁለተኞቹ አሳብ ከመልካም ልብ የመጣ ነው፤ ነገር ግን በተቈለፈች ጎጆ እሳት አይነድባትም። ይህ ሰሙን ጠብቆ ወርቁን እንደ መተው ነው። ክዳንዋ ቆርቆሮ ቢሆን እንኳ አልቃወምም፤ መምህር ይግባባት፣ ሕፃናትም ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሲመለሱ በሠርክ፣ ይልቁንም ቅዳሜና እሑድ ይማሩባት። ለዚህም እያንዳንዱ ቤት በመከር ጊዜ የሚሰፍረው እህል በሰበካው ጉባኤ ተወስኖ በመዝገብ ይጻፍ። ሣሩ የሚታጨደው በኅዳር ነው፤ የመምህሩ ቀለብ ግን ከዚያ አስቀድሞ ይወሰን።