እድር የሠራው ፎቅ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የሚኖሩ ከሆነ ዩ ስትሪትንና 9ኛውን ጎዳና አያጧቸውም። ቅዳሜ ማታ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሦስት አራት ጊዜ ዞረዋቸዋል፤ ክትፎ በልተውባቸዋል፤ ከአገር ቤት የመጣ ዘፋኝ ሰምተውባቸዋል። ለመሆኑ ከሚገቡበት ቤት ፊት ለፊት ቆም ብለው ወደ ላይ ቀና ብለው ያውቃሉ? እኔ ለብዙ ዓመታት ቀና ሳልል ነው የተመላለስኩት። ቤቶቹ ከእኛ በፊት ባለታሪክ እንደነበሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ እሱም በጠብ ምክንያት። ወደ ጠቡ ኋላ እመለሳለሁ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉልኝ።)

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ይህ ሰፈር የከተማው ዳርቻ ነበር። ዛሬ ፍሎሪዳ አቬኑ የምንለው መንገድ ያኔ ስሙ ራሱ «የድንበር ጎዳና» ነበር። በሚያዝያ 1862 ኮንግረሱ በዋሽንግተን ከተማ ባርነትን ሲሽር፣ ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ እርሻዎች ያመለጡ ሰዎች ወደ ከተማይቱ ጎረፉ። ካምፕ ባርከር የተባለው መጠለያ የቆመው ከዩ ስትሪት በስተደቡብ ጥቂት ብሎኮች ዝቅ ብሎ ነው። የስደተኛ ካምፕ መሆኑ ነው፤ በሱዳን በኩል የመጣ አንባቢ ምን እንደሚመስል ለመረዳት የእኔን ገለጻ አይፈልግም። በዚያው ዓመት በ7ኛውና በ14ኛው ጎዳና በፈረስ የሚጎተት የከተማ ባቡር ተዘረጋ። በ1867 ከፍ ብሎ በኮረብታው ላይ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙት የጡብ ቤቶች፣ ዛሬ እንጀራ የምንበላባቸው ዓይነቶቹ፣ ረድፍ በረድፍ ተሠሩ። በመጀመሪያ ነጩም ጥቁሩም ተቀላቅሎ ይኖርባቸው ነበር።

ወደ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ነገሩ ከፋ። ጥቁሩ መሐል ከተማ ወርዶ ሆቴል ማደር፣ ምግብ ቤት ተቀምጦ መብላት እየተከለከለ ሄደ። እንግዲህ የቀረው የራስን መሥራት ነው።

አሁን በጣም ወደምወደው ቤት ልውሰድዎት። በ12ኛውና በዩ ስትሪት ማዕዘን ላይ ባለ አምስት ፎቅ የጡብ ሕንፃ አለ፤ ትሩ ሪፎርመር ይባላል። በ1903 ተመረቀ። ያሠራው ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ የነበረ አንድ የመረዳጃ ማኅበር ነው። መሥራቹ ዊልያም ዋሽንግተን ብራውን በባርነት የተወለዱ ሰው ነበሩ። አባላቱ በየጊዜው መዋጮ ያዋጣሉ፤ የታመመ ይረዳል፤ የሞተ ሲቀበር ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጣል። ይህን ሲያነቡ «እድር አይደለም እንዴ!» ቢሉ አልፈርድብዎትም፤ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ያ እድር ባንክ አቋቁሞ፣ ከዚያም አልፎ ይህን ፎቅ አቆመ። የነደፈው ጆን ላንክፎርድ የተባለ ጥቁር አርክቴክት ነው። ገንዘቡም፣ ንድፉም፣ ግንበኞቹም፣ ባለቤትነቱም የጥቁሮች ነበር። ሥር ሱቆች፣ ላይ ቢሮዎችና የዳንስ አዳራሽ ነበሩት። የሰፈሩ ልጅ ዱክ ኤሊንግተን በሙዚቃ የመጀመሪያ ገንዘቡን ያገኘው በዚህ ቤት ነው ይባላል። ብራውን ግን በ1897 ስላረፉ ሕንፃውን አላዩትም።

ሌላው ሰው ጆን ዊትሎው ሉዊስ ናቸው። በ1894 ሥራ አጦች ወደ ዋሽንግተን ሰልፍ ባደረጉ ጊዜ አብረው መጥተው የቀሩ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ሳንቲም ለሳንቲም መቆጠብን ለጓደኞቻቸው ሰብከው በ1913 ባንክ አቋቋሙ፤ በ1917 በ11ኛውና በዩ ስትሪት ማዕዘን ሕንፃ ሠሩለት። በ1919 ደግሞ በ13ኛውና በቲ ስትሪት ዊትሎው ሆቴልን ከፈቱ፤ አክሲዮኑን የገዙት ጥቁር የከተማው ነዋሪዎች ነበሩ። መሐል ከተማ አልጋ የሚከለከል እንግዳ፣ ሙዚቀኛም ይሁን ፕሮፌሰር፣ እዚህ በክብር ያድር ጀመር።

ሁሉም ነገር በጥቁሮች ገንዘብ ተሠራ ብዬ ግን አላጋንንም። በ1910 የተከፈተው ሃዋርድ ቲያትርም፣ በ1922 የተከፈተው ሊንከን ቲያትርም ተመልካቾቻቸው ጥቁሮች ይሁኑ እንጂ ባለሀብቶቹ ነጮች ነበሩ። በዚያው በ1922 የሊንከን መታሰቢያ ሐውልት ሲመረቅ ጥቁር ተጋባዦች ለብቻቸው በተከለለ ቦታ ተቀምጠዋል። ባርነትን በሻረው ሰው ምረቃ ላይ!

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ከዚህ ሰፈር ጋር የተዋወቅነው በምግብ ቤት አይደለም። ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና የተማሩት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ያስተባበሩ፣ በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን የመሠረቱ እሳቸው ናቸው። እዚያው ሃዋርድ የአፍሪካን ታሪክ ያስተማሩት ዊልያም ሊዮ ሃንስበሪ ደግሞ በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀብለዋል።

በ1950ዎቹ መለያየቱ በሕግ ሲሻር አቅም ያለው ጥቁር ወደ ሌላ ሰፈር መውጣት ጀመረ። በሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ ቁጣው የፈነዳው በ14ኛውና በዩ ስትሪት ነበር፤ ብዙ ሱቅ ነደደ። በኋላም ለሜትሮ ባቡር ሲባል ጎዳናው ተቆፍሮ ዓመታት ከረመ። ጣቢያው በ1991 ቢከፈትም በርካታ ቤት በሳንቃ እንደታሸገ ነበር። የእኛ ነጋዴዎች አዳምስ ሞርገን ኪራይ ሲወደድባቸው የታሸጉትን ቤቶች ከፍተው፣ መብራት አብርተው ገቡ። ይህን ማንም ሊክደው አይገባም።

ጠቡ የመጣው በ2005 ነው። ነጋዴዎቻችን በ9ኛው ጎዳና ያለው ብሎክ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም ጠየቁ። ነባሮቹ ጥቁር አሜሪካውያን ተቃወሙ፤ ስያሜው በዚያን ጊዜ ሳይጸድቅ ቀረ። እኔም ያኔ «ምቀኝነት ነው» ካሉት አንዱ ነበርኩ። አሁን ሳስበው ያፍረኛል። እድራቸው ፎቅ በሠራበት፣ የቀን ሠራተኛው ባንክ በከፈተበት መንደር ላይ፣ ትናንት የመጣ ተከራይ ስሙን ልለጥፍ ሲል ዝም ይበሉ ኖሯል? ሎስ አንጀለስ በ2002 ይህን ስም ያለ ችግር ማግኘቷ እውነት ነው፤ ያ ሰፈር ግን ይህ ሰፈር አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ኪራዩ ሁላችንንም እኩል አደረገን። ነባሮቹ በገፍ ለቀው ወጡ፤ ከእኛም ብዙው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደ። ዊትሎው ሆቴል በ1981 በእሳት ከተጎዳ በኋላ በ1992 ታድሶ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መኖሪያ ሆኗል። ትሩ ሪፎርመርም እንደቆመ ነው። እኔ ያለሁበት እድር ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም ለዓመታዊ ስብሰባው አዳራሽ ይከራያል። የሚቀጥለው ቅዳሜ 9ኛው ጎዳና ላይ መኪና ማቆሚያ ካገኙ፣ ከመብላትዎ በፊት በዩ ስትሪት ወደ ምዕራብ ሦስት ብሎክ በእግርዎ ይሂዱ።