ጠፍ የተባለው መሬት

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ የኢትዮጵያን መሬት በሦስት ስም ከፈለው፤ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ። በቀላድ በተለካው አገር ለአንድ ጋሻ ለም መሬት የዐሥራቱን ምትክ ጨምሮ 50 ብር፣ ለለም ጠፉ 40 ብር፣ ለጠፉ 15 ብር ይከፈል ነበረ። እኛ ይህን ያነሣነው ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ጠፍ ስለሚለው ስም ነው። ምንጩን የሚጠብቀው፣ ጎርፉን የሚያግደው ዱር በግብር ጸሐፊው ዘንድ እንደ ባዶ ተቈጥሯልና።

በጌምድርና ስሜን ግን በቀላድ ስላልተለካ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ዐዋጁ ለዚህ ጠቅላይ ግዛት፣ ለጎጃምና ለትግራይም፣ የቀድሞውን ግብር አጸናላቸው። ግብሩ የሚወድቀው በአንድ ሰው ማሳ ላይ ሳይሆን በአባት ርስቱ ላይ ነበረ፤ ወራሾቹ ተከፋፍለው ለጭቃ ሹሙ ያገቡታል። ግብር ያገባ ሰው ርስቱን አስመሰከረ ማለት ነው። ርስትም በአባትና በእናት ወገን የሚወረስ ስለ ሆነ፣ ወራሹ በበዛ ቍጥር ማሳው ጠበበ፤ ገበሬውም ወደ ገደሉ ወጣ። በስሜን ዳገት ላይ ገብስ የተዘራበትን ቍልቍለት ያየ ሰው፣ በሬው በምን እንደ ቆመ ይገርመዋል። የዚያ ዳገት አፈር በክረምት ወደ ተከዜ ይወርዳል።

በዚህ የገበሬውን አላዋቂነት የሚያነሡ አሉ፤ እኛ አንስማማም። ግብሩ ዳገቱን ከሜዳው፣ ዛፉን ያቆመውን ከቈረጠው አልለየለትም፤ ዐሥራቱም ከእህሉ እንጂ ከዛፉ አይቈጠርም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ዐፄ ምኒልክ አሳይተው ነበር። አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር በታሰበበት ዘመን፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬት ግብር እንዳይከፈልበት አደረጉ፤ ችግኙም በትንሽ ዋጋ ታደለ። ከተማይቱም በቦታዋ ቀረች። (ባሕር ዛፍ ውሃ ይጨርሳል የሚለው ክርክር ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ብዙዎቹ የጎንደር ዙሪያ ኰረብቶች ዛሬ የለበሱት ግን ይህንኑ ዛፍ ነው።)

በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ምርቱን ሊቈጥር ሞከረ። የጎጃም ገበሬ ግን ገማቹን መሬቱን ለክቶ ርስቱን ሊነጥቅ የመጣ መስሎት ዐመፀ፤ መንግሥትም ወደ ኋላ አለ።

በስሜን ግን ጠፉ ዋጋ አገኘ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ገባ፤ ከዚያም የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ዋልያን ሊያይ የመጣው እንግዳ ደባርቅ ላይ የመግቢያ ዋጋ ይከፍላል። ነገር ግን የግጭ መንደር ሰዎች ቤታቸውን ትተው በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ መውረድ ነበረባቸው። የተራራው ገቢ ሲቈጠር የእነርሱ ኪሳራ በየትኛው ዓምድ ይገባል?

ይህ ጥያቄ የሚመለከተው ሒሳብ ዐዋቂውን ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የገጠር መሬት ዐዋጅ ባለይዞታው መሬቱን እንዲንከባከብ ግዴታ ጥሎበታል። የሰሜን ጎንደር ገበሬም በበጋው ወራት ያለ ደመወዝ ድንጋይ እየተሸከመ እርከን ይሠራል። እርከን ለሠራና ችግኝ ላጸደቀ የመሬት መጠቀሚያው ክፍያ ቢቀነስ፣ ይህም በደረሰኙ ላይ ቢጻፍ፣ ምኒልክ ለባሕር ዛፍ ያደረጉት ለአገር በቀሉ ኮሶና ለወይራው ይደርስ ነበር። እስከ ዛሬ ግን ደረሰኙ የሚያሳየው ገንዘቡን ነው፤ ድንጋዩ አልተመዘገበም።