ሉቲ፤ ስለ ፔኪንግ ትንንሽ የቤተ መንግሥት ውሾች ጠባይ አንድ የታሪክ ምርመራ

በአገራችን ውሻ ሥራ ያለው እንስሳ ነው። ግቢ ይጠብቃል፤ ከእረኛ ጋር ይውላል፤ ሌሊት ጅብ ሲመጣ ይጮኻል። ሥራ ሳይኖረው ለመታቀፍና ለመወደድ ብቻ የሚቀለብ ውሻ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ትንሽ ውሻ ሉሉን ነው። በመጽሐፍም ቢሆን ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የንቀት ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል፤ ከጦቢያ ጋር መንገድ የወጣው ውሻ ግን በዚህ ረገድ የተለየ ዕድል አግኝቷል። ስለዚህ የእቅፍ ውሾችን ነገር ለታሪክ ጥናት መምረጤ ለአንዳንድ አንባቢ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ስለ ውሻ ዝርያ የሚጽፉ ሰዎች ለእያንዳንዱ ዝርያ አንድ አንድ ጠባይ ይሰጡታል፤ ይኸኛው ኩሩ፣ ያኛው ፈሪ፣ ሦስተኛው ፍቅር ወዳድ ነው ይላሉ። ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣና ማን እንደመሰከረው የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ፔኪኒዝ ስለሚባለው ዝርያ ለመጠየቅ ፈልጌአለሁ። (ካላመለከትሁ በቀር ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ፔኪኒዝ ስሙን ያገኘው ከፔኪንግ ከተማ፣ ዛሬ ቤይጂንግ ከምንላት ነው። ፊቱ ጠፍጣፋ፣ እግሩ አጭርና ቆልመም ያለ፣ በአንገቱ ዙሪያ ጎፈር የሚመስል ጠጕር ያለው ውሻ ነው። ቻይናዎች የአንበሳ ውሻ ይሉታል። አንበሳ በቻይና ምድር የማይገኝ አውሬ ቢሆንም፣ ከቡድሃ ሃይማኖት ጋር ከምዕራብ የመጣ ክቡር ምልክት ስለሆነ፣ እርሱን የሚመስል ትንሽ እንስሳ በቤተ መንግሥት መገኘቱ ትርጕም ነበረው። የአንበሳን ምልክት በዙፋንና በሰንደቅ ዓላማ ላይ ሲያይ ለኖረ ሕዝብ ይህ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

በቺንግ ነገሥታት ዘመን ውሾቹን የሚንከባከቡ ጃንደረቦች ነበሩ። በ1903 ዓ.ም. የእቴጌ ጽሺን ሥዕል ለመሣል ቤተ መንግሥት የገባችው አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ካትሪን ካርል፣ ውሾቹ የራሳቸው ቤትና የራሳቸው አሳዳሪዎች እንደነበሯቸው ጽፋለች። ከዚህም ጋር አንድ ደስ የሚል ነገር ትነግረናለች፤ ይኸውም እቴጌይቱ በእጅጌ ውስጥ የሚያዙትን እጅግ ትንንሽ ውሾች አይወዷቸውም ነበር። ዛሬ ግን ያንኑ የእጅጌ ውሻ የእቴጌይቱ ልዩ ፍቅር አድርገው የሚያቀርቡ መጻሕፍት አሉ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በ1860 ዓ.ም. መስከረም ላይ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ወደ ፔኪንግ ሲቀርብ ንጉሠ ነገሥቱ ሺየንፌንግ ወደ ሰሜን ሸሹ። በጥቅምት ወር መጀመሪያ ጦሩ ዩዋንሚንግዩዋን የሚባለውን የነገሥታት የበጋ ቤተ መንግሥት ገብቶ ዘረፈው። ቻይናዎች ከያዟቸው እስረኞች ብዙዎቹ ተሠቃይተው መሞታቸው ሲታወቅ ደግሞ ሎርድ ኤልጊን በበቀል ቤተ መንግሥቱ እንዲቃጠል አዘዘ፤ ከጥቅምት 18 ቀን ጀምሮም ነደደ። በዘረፋው ጊዜ ከተገኙት ውሾች አምስቱ ወደ እንግሊዝ እንደተወሰዱ ይነገራል። ከእነዚህ አንዷን የወሰደው ሻምበል ጆን ሃርት ደን የ99ኛው ክፍለ ጦር መኮንን ነበር። በ1861 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ለንግሥት ቪክቶሪያ አበረከታት። ስሟም ሉቲ ተባለ። ቃሉ ከሕንድ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን «ዘረፋ» ከማለት የወጣ ነው፤ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ምርኮዬ» እንደማለት ይሆናል። አንድ የጥበብ ቤት የተዘረፈበትን ቀን በውሻ ስም ላይ አትሞ ለንግሥት ማቅረብ ያላሳፈረበት ዘመን ነበር።

እዚህ ላይ ለታሪክ ተማሪ የሚጠቅመው የሻምበል ደን የራሱ ቃል ነው። ከስጦታው ጋር በሰጠው ጽሑፍ ውሻዋን በጥቅምት 6 ቀን በቤተ መንግሥቱ እንዳገኛት፣ የእቴጌይቱ ወይም ከንጉሣዊው ቤተሰብ ሴቶች የአንዷ ሳትሆን እንደማትቀር፣ እጅግ ፍቅር ያላትና አስተዋይ እንደሆነች፣ ሁልጊዜም ተቀማጥላ የኖረች መሆኗን ይገልጻል። እንግዲህ ስለዚህ ዝርያ ጠባይ አውሮፓ ውስጥ ከተጻፉት ቀደምት ምስክርነቶች አንዱ «ፍቅር ያላት» የሚል ነው። የዛሬውን የእንግሊዝ የውሻ ማኅበር፣ የኬኔል ክለብን የዝርያ መግለጫ ብንመለከት ግን ፔኪኒዝ ደፋርና ታማኝ፣ ነገር ግን ራሱን የሚያገል መሆን አለበት ይላል። ከፍቅር ወዳድነት ወደ ኩራት እንዴት ተደረሰ?

መልሱን ከመፈለጌ በፊት አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ሮበርት ናፒየር በ1860ው የቻይና ዘመቻ የአንድ ክፍለ ጦር አዛዥ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ መቅደላ ላይ የዘመተው ይኸው ናፒየር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የሞቱት በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ዩዋንሚንግዩዋን በእነርሱ 1860፣ መቅደላ በእኛ 1860 ተዘረፉ ማለት ነው። የአሠራሩም መመሳሰል ግልጽ ነው፤ በፔኪንግ ምርኮው በሐራጅ ተሽጦ ገንዘቡ ለጦሩ ተከፋፈለ፤ በደላንታ ሜዳም እንዲሁ ተደረገ። ምርኮውን ከመቅደላ ያወረዱት 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች ነበሩ። ልዑል ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1868 ዓ.ም. ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ፤ በ1879 ዓ.ም. በሊድስ አረፈ። ልዑሉን ከውሻ ጋር ማነጻጸሬ እንዳይደለ አንባቢ ይረዳልኛል። የማነጻጽረው የወሳጁን ልማድ ነው፤ ከቤቱ ያወጣውን ሁሉ ራሱ ይሰይመዋል፤ ጠባዩንም ራሱ ይጽፍለታል።

አሁን ወደ ኩራቱ እንመለስ። የፔኪኒዝ ዝርያ በእንግሊዝ የውሻ ትርኢት ላይ መታየት የጀመረው በ1890ዎቹ ነው። በ1896 ዓ.ም. ከቻይና የመጣው አህ ኩም የተባለ ወንድ ውሻ ለዝርያው ትልቅ መሠረት ሆነ፤ ቆዳው ተሞልቶ ትሪንግ በሚገኘው ሙዚየም እስከ ዛሬ ይታያል። ትርኢት ባለበት ዳኛ አለ፤ ዳኛ ባለበትም የተጻፈ መለኪያ አለ። አርቢዎቹ የሚሸጡት ውሻ ብቻ አልነበረም፤ ከተቃጠለ ቤተ መንግሥት የወጣ የንጉሥ ዘመድ ጭምር እንጂ። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው «ሁሉን የሚወድ፣ ለሁሉ የሚታዘዝ» ብሎ አይጽፍም። ኩራቱ የታሪኩ ጌጥ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ነገሩ ሁሉ ፈጠራ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ኩራት ከምንለው ከፊሉ የአካሉ ሥራ ነው። አፍንጫው የተደፈጠጠ፣ እግሩም የቆለመመ እንስሳ ብዙ መሮጥ አይችልም፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሙቀትም ቶሎ ያሸንፈዋል። በዝግታ ይሄዳል፤ ሲደክመው ይቀመጣል፤ ሲጠሩትም ጊዜ ወስዶ ይመጣል። ተመልካቹ ይህን ክብር ይለዋል፤ የእንስሳት ሐኪም ግን የመተንፈስ ችግር ሊለው ይችላል። ይህም አካል ቢሆን ከጥንት እንደነበረ የቀረ አይደለም። የሉቲን ሥዕልና ፎቶግራፍ ያየ ሰው አፍንጫዋ ከዛሬዎቹ ረዘም ያለ፣ እግሯም ቀጥ ያለ መሆኑን ያስተውላል። በትርኢት ዳኞች ፊት ፊቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተጨፈለቀ ሄደ። በ2008 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የቀረበ አንድ ፊልም ብዙ ቍጣ ካስነሣ በኋላ ኬኔል ክለብ የፔኪኒዝን መለኪያ ለውጦ አፍንጫው በግልጽ እንዲታይ አዘዘ።

የዘር ጥናት ሊቃውንትም የሚነግሩን አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ፔኪኒዝ ለተኵላ በዘር ከሚቀርቡት ጥንታዊ ዝርያዎች መካከል መሆኑን አሳይቷል፤ ስለ ጥንታዊነቱ የሚነገረው እንግዲህ ባዶ ወሬ አይደለም። ስለ ጠባይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2022 ዓ.ም. ከ18,000 በላይ ውሾችን የመረመረ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በውሾች መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት በዝርያ ሊገለጽ የሚችለው 9 በመቶ ያህል ብቻ መሆኑን አገኘ። የቀረው ከእያንዳንዱ ውሻ ተፈጥሮ፣ ከአስተዳደጉና ከኑሮው የሚመጣ ነው።

ስለ ሌሎቹ ትንንሽ ዝርያዎች በሰፊው መናገር አልችልም፤ ጥቂት ግን ልበል። ከሜክሲኮ የመጣው ቺዋዋ ቍጡ ነው ይባላል፤ በ2008 ዓ.ም. የታተመ ከባለቤቶች ቃል የተሰበሰበ ጥናትም በሰው ላይ ቍጣ ከሚያሳዩት ዝርያዎች መካከል አስቀምጦታል። ነገር ግን በ2010 ዓ.ም. በቪየና የተደረገ ጥናት የትንንሽ ውሾች ባለቤቶች ትእዛዛቸው የማይጸና፣ ውሻቸውን ለማስተማርና ለማጫወትም የሚሰጡት ጊዜ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። ትልቅ ውሻ ሲያጕረመርም ጌታው ይደነግጣል፤ ትንሹ ሲያጕረመርም ይስቃል። የተሳቀለት ውሻ ነገም ያጕረመርማል። ካቫሊየር የሚባለው የእንግሊዝ ዝርያ ደግሞ የዋህ ነው ብለው ያመሰግኑታል፤ እርሱም ቢሆን ዛሬ ባለው መልኩ በ1920ዎቹ ለገንዘብ ሽልማት ተብሎ በምርጫ የተራባ እንጂ ከጥንት ነገሥታት ዘመን ሳይለወጥ የደረሰን አይደለም። እንዲህ ያለ ውሻ ለማሳደግ ያሰበ ሰው ከዝርያው ስም ይልቅ እናቱን፣ ያደገበትን ቤትና ሰው ሲቀርበው የሚያደርገውን ቢመለከት ይሻለዋል።

ስለ ሉቲ ኑሮ የቀረው ማስረጃ ጥቂት ነው። በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ሌሎቹ ውሾች ስላልተቀበሏት ብቸኛ እንደነበረች ተጽፏል። ይህን ጽሑፍ የዝርያ መጽሐፍ ደራሲ ቢያገኘው ራሷን የምታገል ናት ሊል ይችል ነበር። እኔ ግን የማየው፣ ደን ፍቅር ያላት ብሎ የመሰከረላት ያችው ውሻ ቋንቋውንም ሽታውንም በማታውቀው ቤት ውስጥ መቀመጧን ነው። በ1861 ዓ.ም. ፍሪድሪክ ኬይል የተባለ ሠዓሊ ሲሥላት ትንሽነቷ እንዲታወቅ አንድ ነገር አብሮ እንዲያኖር ተነግሮት ነበርና ከጃፓን የመጣ የአበባ ማስቀመጫ አስገባበት። ሉቲ በ1872 ዓ.ም. ሞተች። ሥዕሉ እስከ ዛሬ በእንግሊዝ ንጉሣዊ ስብስብ ውስጥ በዚያው ስሟ ተመዝግቦ ይገኛል።