የፎገራ ሜዳ፦ ውኃ፣ ሩዝና በአፈር ውስጥ የተቀመጠው ካርቦን



ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስንነጋገር ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው በዛፍ ላይ ነው። የተተከለ ችግኝ ይቆጠራል፤ በአፈር ውስጥ ያለው ካርቦን ግን አይታይምና ሲጠፋም የሚያዝንለት የለም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ የማይታይ ሀብት ነው።

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ፣ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ይዘውት በሚወርዱት ደለል የተሠራ ነው። በክረምት ውኃ ይተኛበታል። ውኃ በተኛበት አፈር አየር እንደልብ ስለማይገባ፣ የሞተው ሣርና ሥር ቶሎ አይበሰብስም፤ ካርቦኑም እዚያው ይከማቻል። የሸሸርና የወላላ ረግረጎች፣ የሐይቁ ዳር ደንገል፣ የፎገራ ከብት የሚሰማራበት ሣር፣ ሁሉም ማንም ሳያዛቸው ይህን ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል።

ለአራሹ ግን ያው ውኃ የችግር ምንጭ ነበር። ጎርፍ የተኛበት ማሳ የክረምት ሰብል ስለማያበቅል፣ ውኃው እስኪሸሽ ጠብቆ በቀሪው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራ ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ሲለመድ ነገሩ ተገለበጠ። ማኅበራቱ ከደርግ ጋር ቢፈርሱም ሩዙ አልቀረም፤ «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ከገበሬ ወደ ገበሬ እየተላለፈ ሜዳውን ሸፈነ። ወረታም የሩዝ ገበያ፣ ኋላም የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆነች። ባላንጣ የነበረው ውኃ እንጀራ ሆነ።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ግጦሹ ታረሰ፤ የፎገራ ከብት ተመናመነ፤ ረግረጎቹ ጠበቡ። ረግረግ ሲጠነፈፍና ሲታረስ አየር ይገባዋል፤ ለዘመናት የተከማቸው ካርቦንም ወደ ሰማይ ይመለሳል። ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ደግሞ ሚቴን ያመነጫል፤ የዚህ ጋዝ የማሞቅ ኃይል በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ገደማ ነው።

ታዲያ ሩዝ ይቅር እንበልን? ይህን የሚል ሰው ሩዝ በጎተራው የገባለትን ገበሬ አልጠየቀም። በእስያ ማሳውን እያፈራረቁ ማጠጣትና ማድረቅ ሚቴንን በእጅጉ ቀንሷል፤ ዝናብ ጠባቂው የፎገራ ገበሬ ግን ውኃውን እንደፈለገ አያዝበትም። ገለባውን ለአፈሩ መልስ ስንለው ከብቱ መኖ ያጣል፤ ኩበቱን መልስ ስንለው እናት ማገዶ ታጣለች። እንግዲህ መጀመሪያ የቀሩትን ረግረጎች ከማረሻ መጠበቅ፣ ቀጥሎም ለመኖውና ለማገዶው ምትክ ማቅረብ ይገባል። ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል፤ መዝገብ ብቻውን ግን ማረሻ አያቆምም።

የፎገራ ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል። ሩዝ የመጣው በመንግሥት ዕቅድ ነው፤ የቆየው ግን ቤተሰብን ስላበላ ነው። ካርቦንን በአፈር የማኖር ግብርናም የሚጸናው በዚሁ መንገድ ብቻ ነው፤ ጥቅሙ ለዓለም ሆኖ ወጪው ለባለ ጥማድ በሬው ከተተወ፣ ዕቅዱ ከወረቀት አያልፍም።